ሶዲየም አዮን 102 ነው ወይስ 116?

የውይይት ክሩን የከፈተው ሰው ለ11ኛ ክፍል ግድግዳ የሚሰቀል የአዮን መጠን ሰንጠረዥ እያዘጋጀ ነው፤ አዮን ኤሌክትሮን የሰጠ ወይም የተቀበለ አቶም ነው፣ መጠኑም የሚነገረው በሬዲየሱ ነው። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሕግ አጭር ነው፦ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ በአንድ ግሩፕ (ዓምድ) ወደ ታች ሲወረድ አዮን ይተልቃል፣ በአንድ ፔሬድ (ረድፍ) ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ ያንሳል። ወደ ታች ያለው ሰምሮለታል፤ ሊቲየም 76፣ ሶዲየም 102፣ ፖታሲየም 138፣ ሩቢዲየም 152፣ ሲዝየም 167 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ)። ወደ ቀኝ ሲሄድ ግን ሦስተኛው ፔሬድ አስቸገረው። ሶዲየም 102፣ ማግኒዥየም 72፣ አሉሚኒየም 53.5 እያለ ሲወርድ የቆየው ቁጥር ሰልፋይድ (የሰልፈር አዮን) ላይ ሲደርስ 184 ሆነ፣ ክሎራይድ (የክሎሪን አዮን) ላይ 181። ሕጉ የት ሄደ? ሁለተኛ፣ ሌላ ሰንጠረዥ ሲያገላብጥ ሶዲየም 116፣ ክሎራይድ 167 ተብሎ አገኘ። የትኛውን ይስቀል?

1ኛው መላሽ ጠያቂውን ወንድሜ እያለ በትሕትና ነው የጀመረው። ሕጉ አልተሰበረም፣ ሁለት ሰልፍ እንደ አንድ ስለተቆጠረ ነው ባይ ነው። ከሶዲየም እስከ አሉሚኒየም ያሉት የውጭ ኤሌክትሮናቸውን ሰጥተው ሦስተኛውን ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) ባዶ አድርገዋል፤ እያንዳንዳቸው የቀራቸው 10 ኤሌክትሮን ነው። ሰልፈርና ክሎሪን ደግሞ ተቀብለው ያንኑ ሼል ሞልተዋል፤ 18 ይዘዋል። ዝላዩ የአንድ ሙሉ ሼል ዝላይ ነው። በየሰልፉ ውስጥ ሕጉ እንደጸና ነው። ተማሪ ቢያየው የሚጠቅመው የ10 ኤሌክትሮኖቹ ሰልፍ ነው ብሎ ደረደረው፦ ናይትራይድ 146፣ ኦክሳይድ 140፣ ፍሎራይድ 133፣ ሶዲየም 102፣ ማግኒዥየም 72፣ አሉሚኒየም 53.5። የሁሉም ኤሌክትሮን እኩል ነው፤ የሚለያዩት በፕሮቶን ብቻ ነው፣ 7፣ 8፣ 9፣ 11፣ 12፣ 13። ፕሮቶን በበዛ ቁጥር ያው 10 ኤሌክትሮን ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል።

2ኛው መላሽ በ1ኛው ተስማምቶ አንድ ቁጥር አረመ። የናይትራይድ 146 የተወሰደው አዮኑ በክሪስታል ውስጥ በአራት ጎረቤት አዮን ሲከበብ ነው፤ ሌሎቹ በስድስት። ለትምህርት ቤት ብዙ ለውጥ ባያመጣም ከስሩ ማስታወሻ ይጻፍበት ይላል። ፎስፋይድን 212 ብለው በዚሁ ረድፍ የሚያስገቡ መጻሕፍት እንዳሉም ጠቁሟል፤ ያ ቁጥር ከኬሚስቱ ከፖሊንግ ሌላ ሰንጠረዥ የመጣ ስለሆነ ከነዚህ ጋር አይደባለቅም። ትንሽ ጠብሰቅ ያለ እርማት ነው፣ ግን የክሩ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ብቅ አለ ብዬ አምናለሁ፦ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካልተጻፈበት ቁጥር አይባልም።

3ኛው ምላሽ ከሁሉም የወደድኩት ነው፤ በእርሳስ የሚሠራ ሒሳብ ነው። ኤሌክትሮኖች የኒውክለሱን ስበት አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚከልሉ በሚገምተው በስሌተር ደንብ መሠረት 10 ኤሌክትሮን ባለው አዮን ውስጥ አንዱን የውጭ ኤሌክትሮን የሚከልሉት ሌሎቹ ዘጠኝ ናቸው። በዚያው ሼል ያሉት ሰባቱ እያንዳንዳቸው 0.35፣ ከውስጥ ያሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 0.85 ይከልላሉ። ድምሩ 2.45 ሲደመር 1.70፣ ማለትም 4.15። ይህን ከፕሮቶኑ ቁጥር ሲቀንሱ ኤሌክትሮኑ በእርግጥ የሚሰማው ስበት ይገኛል፤ ለፍሎራይድ 9 ሲቀነስ 4.15፣ 4.85፤ ለሶዲየም 11 ሲቀነስ 4.15፣ 6.85። አሁን በሶዲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ውስጥ ከአንዱ አዮን መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት በኤክስሬይ የተለካ 231 ፒኮሜትር ነው። የተሳበ ይጠብባል በሚለው ሐሳብ 231ን በተገላቢጦሽ ያካፍሉት፤ ሶዲየም 231 በ4.85 ተባዝቶ ለ11.70 (4.85 ሲደመር 6.85) ሲካፈል 96 ይሆናል፣ የቀረው 135 የፍሎራይድ ነው። ፖሊንግ በ1927 የሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ የራሱን የመከለል ቁጥር ስለተጠቀመ 95 እና 136 አገኘ። ተማሪ ይህን በአሥር ደቂቃ ሠርቶ ሲያየው ሰንጠረዡ ከሰማይ እንዳልወረደ ይገባዋል።

የ102 እና የ116ን ነገር የፈታው 4ኛው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ሰው ከአንድ ሥራ የወጡ ናቸው፤ ሻነን በ1976 ያሳተመው ሰንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ ዓምድ ኦክሳይድን በስድስት ጎረቤት 140 ብሎ ይነሣል፤ ሌላው ፍሎራይድን 119 ብሎ ይነሣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 14 ፒኮሜትር ነው። ካታዮኑ (ኤሌክትሮን የሰጠው) ላይ 14 ይጨመራል፣ አናዮኑ (የተቀበለው) ላይ 14 ይቀነሳል። ሶዲየም 102 ሲደመር ክሎራይድ 181፣ 283፤ ሶዲየም 116 ሲደመር ክሎራይድ 167፣ ያው 283። ድንበሩ ተገፋ እንጂ መሬቱ አልጨመረም ብሎ በገበሬ ቋንቋ አስቀመጠው። አደጋው አንዱን ከአንዱ ዓምድ፣ ሌላውን ከሌላው ሲወስዱ ነው፤ 116 ከ181 ጋር ሲደመር 297 ይሰጣል፣ ያ ደግሞ በየትኛውም የገበታ ጨው ውስጥ የሌለ ርቀት ነው። ጨምሮም፣ በክሪስታሉ ውስጥ የኤሌክትሮን ጥግግት ሲለካ ዝቅ የሚልበት ቦታ የሚቀርበው ወደ 116ቱ ነው ይላል፤ መማሪያ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ 102ን ይዘዋል።

5ኛው መላሽ ገብቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። ትክክለኛው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ አለማወቅ ነው፣ አስተማሪ ሆኖ ይህን የሚጠይቅ ሰው ልጆቹን ያሳስታል እስከማለት ደረሰ። አነጋገሩ ጎምዛዛ ቢሆንም ነገሩ እውነት አለው። የሚለካው ርቀት ብቻ ነው፤ ርቀቱን ለሁለት አዮን ማከፋፈል የሰው ውሳኔ ነው። ምሳሌው ላንዴ በ1920 ያደረገው ነው። ሊቲየም ትንሽ ስለሆነ በሊቲየም አዮዳይድ ውስጥ ትልልቆቹ አዮዳይዶች እርስ በርስ ይነካካሉ ብሎ ገመተ። ክሪስታሉ እየተደጋገመ የተሠራበት ኩብ ጎኑ 600 ፒኮሜትር ነው፤ ለ2 ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሁለት አዮዳይዶች ርቀት 424፣ ግማሹ 212። አንድ አዮን ከታወቀ ሌላው ሁሉ በመቀነስ ይወጣል። ግን ያ ግምት ባይኖር 212ም አይኖርም፤ የሻነን አዮዳይድ 220 ነው።

6ኛው መላሽ 5ኛውን ረጋ በል ብሎ ከገሠጸ በኋላ የራሱን ስሕተት አስገባ፦ ካታዮን ምንጊዜም ከአናዮን ያንሳል አለ። 7ኛው አላሳለፈውም። ፖታሲየም 138፣ ፍሎራይድ 133፤ ሲዝየም 167፣ ያው ፍሎራይድ 133። አንድ አቶም ኤሌክትሮን ሲሰጥ ከራሱ ከአቶሙ ያንሳል፣ ሲቀበል ከራሱ ይበልጣል፤ ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው። ከጎረቤቱ ጋር ማወዳደር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ መሐል ቻርጅ ይባል ወይስ ሙል የሚል ሙግት ተነሥቶ ሦስት አራት መልእክት በላ። ሙል የአገር ቃል ነው የሚሉት አሉ፤ ተማሪው ፈተና ላይ የሚያየው ቻርጅን ነው የሚሉት ረቱ፣ ወይም ሌላው ሰለቸው።

ወደ ጉዳዩ የመለሰው 11ኛው ነው፤ ሰንጠረዡን እንዴት እንደሚፈትኑት ቅደም ተከተል ሰጠ። የክሪስታሉን የኩብ ጎን ውሰድ፤ ጨውን በሚመስል አደራደር ከሆነ ለሁለት ክፈለው፤ ያ ርቀቱ ነው። ከዚያ ከሰንጠረዡ የሁለቱን አዮኖች ደምርና አወዳድር። የገበታ ጨው ጎን 564፣ ግማሹ 282፤ ድምሩ 283፣ ግሩም። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ጎኑ 421፣ ግማሹ 210.5፤ ድምሩ 72 እና 140፣ 212፣ ይህም ደህና። ሲልቨር ፍሎራይድ ርቀቱ 247፣ ድምሩ 115 እና 133፣ 248። አሁን ሲልቨር ክሎራይድ፦ የተለካው ርቀት 277፣ ድምሩ 115 እና 181፣ 296። አሥራ ዘጠኝ ፒኮሜትር ጠፋ! ብሮማይዱ ላይ ይብሳል፤ 289 ተለክቶ ድምሩ 311 ነው።

ይህ ጉድለት ስሕተት ሳይሆን መረጃ ነው ይላል ያው መላሽ። ሲልቨር ከውስጥ 10 የዲ ኤሌክትሮኖች (ዲ በሚባሉት ምሕዋሮች ያሉ) አሉት፤ እነሱ ኒውክለሱን በደንብ ስለማይከልሉ አዮኑ የጎረቤቱን ደመና ወደራሱ ይስባል። ፍሎራይድ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ አይሳብለትም፤ ክሎራይድና ብሮማይድ ግን ልስልስ ናቸው፣ ይሳባሉ። ትስስሩ ግማሽ ኮቫለንት (ኤሌክትሮን የመጋራት) ሲሆን ርቀቱ ያጥራል። ሲልቨር ፍሎራይድ ውሃ ውስጥ እንደ ጉድ እየሟሟ ሲልቨር ክሎራይድ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አሥራ ዘጠኙ ፒኮሜትር በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ በዓይን ይታያል ማለት ነው።

12ኛው በዚሁ መንገድ ሲዝየም ክሎራይድን ሞክሮ አልሠራልኝም ብሎ መጣ። የኩቡ ጎን 412 ነው፤ ለሁለት ከፍሎ 206 አገኘ፣ ድምሩ ግን 348። 13ኛው ሁለት ስሕተት አሳየው። ሲዝየም ክሎራይድ እንደ ገበታ ጨው አይደረደርም፤ አንዱ አዮን በኩቡ መሐል፣ ሌሎቹ በስምንቱ ማዕዘን ናቸው። ስለዚህ ርቀቱ የኩቡ ሰያፍ ግማሽ ነው፦ 412 በ1.732 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 357። ሁለተኛ፣ ሲዝየም ስምንት ጎረቤት ሲኖረው መጠኑ 167 ሳይሆን 174 ነው። 174 ሲደመር 181፣ 355። ከ357 ጋር ያለው ልዩነት ሁለት ብቻ። ጎረቤት በበዛ ቁጥር እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፣ አዮኑም የሰፋ ይመስላል። ሶዲየም በአራት ጎረቤት 99፣ በስድስት 102፣ በስምንት 118፣ በአሥራ ሁለት 139 ነው። አንድ አዮን፣ አራት ቁጥር። 5ኛው መላሽ እዚህ ላይ ተመልሶ፣ ከመጀመሪያው ነግሬ ነበር የሚል ነገር ጣል አድርጎ ሄደ።

14ኛው መላሽ የሽግግር ብረቶቹን አነሣ፤ እዚያ ሕጉ ይታጠፋል። +2 ቻርጅ ያላቸው በስድስት ጎረቤት፣ በሃይ ስፒን (የዲ ኤሌክትሮኖቹ በተቻለ መጠን ለየብቻ ሲቀመጡ)፦ ማንጋኒዝ 83፣ ብረት 78፣ ኮባልት 74.5፣ ኒኬል 69፣ ከዚያ መዳብ 73፣ ዚንክ 74። ከኒኬል በኋላ ፕሮቶን እየጨመረ መጠኑ ለምን ይጨምራል? ከስምንተኛው በኋላ የሚገቡት የዲ ኤሌክትሮኖች ቀጥታ ወደ ጎረቤቶቹ የሚያመለክተውን ምሕዋር ስለሚይዙ ጎረቤቶቹን ይገፋሉ። የመዳቡን 73 ግን አትመኑት ይላል፤ መዳብ ሁለቱን ጎረቤት አርቆ አራቱን ስለሚያቀርብ ቁጥሩ አማካይ ነው። ብረት ሎው ስፒን (ኤሌክትሮኖቹ በተቻለ መጠን ጥንድ ጥንድ) ሲሆን ከ78 ወደ 61 ይወርዳል፤ በደማችን ሄሞግሎቢን ውስጥ ኦክስጅን ሲያዝ ብረቱ ከያዘው የአቶሞች ቀለበት ውጭ ከነበረበት ገብቶ መሐል የሚቀመጠውም ይህ መጥበብ አንዱ ምክንያት ሆኖ ነው።

15ኛው ወደ ጉጂ ወሰደን፣ ወደ ቀንጢቻ። በዚያ ማዕድን ውስጥ ያለው ታንታለም የተባለ ብረት ኒዮቢየም ከተባለው ሌላ ብረት ተለይቶ አይገኝም። ቫናዲየም +5 54 ነው፣ ከሥሩ ኒዮቢየም 64፣ ከሥሩ ታንታለም ደግሞ ሊተልቅ ሲገባው ያው 64። በመካከላቸው አሥራ አራቱ የኤፍ ኤሌክትሮኖች የሚሞሉበት ረድፍ አለ፤ የኤፍ ኤሌክትሮን ደግሞ ኒውክለስን በመከለል ሰነፍ ነው። በዚያ ረድፍ ላይ ባለ +3 አዮኖች ከላንታነም 103.2 እስከ ሉቴሺየም 86.1 በጥቂት በጥቂቱ ይጠብባሉ። የአንድ ሼል መጨመር ያመጣውን ስፋት ይህ መጥበብ በላው። ውጤቱ፣ ማዕድኑ ሲፈጠር ክሪስታሉ ሁለቱን ሳይለይ አስገባቸው። ኬሚስቶችም ተሳስተውባቸዋል፦ አንዱ በ1801፣ ሌላው በ1802 ተገኝተው፣ ወላስተን በ1809 ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ ሁለት መሆናቸውን ሮዘ ያሳየው በ1844 ነው።

ለመለየት ውሃና ወንፊት አይበቃም ወይ ብሎ የጠየቀው 16ኛው ነው፤ ታንታለም ብረቱ በኩብ ሴንቲሜትር 16.65 ግራም፣ ኒዮቢየም 8.57 ስለሆነ ከባዱ ይዘቅጣል ብሎ አስቧል። 17ኛው ትዕግሥት አላሳየም። በአንድ ክሪስታል ውስጥ አቶም በአቶም ተቀላቅለው ያሉትን በምን ወንፊት ነው የምትለየው ብሎ ጠየቀው። ማጠብ ማዕድኑን ከአሸዋ ይለያል፤ ሁለቱን እርስ በርስ አይለይም። ለዚያ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መሟሟት አለባቸው። ማሪኛክ በ1866 የለያቸው መጠናቸው ተለያይቶ አይደለም፤ በፖታሲየም ፍሎራይድ ውስጥ ታንታለም ሰባት ፍሎራይድ ይዞ በቀላሉ የማይሟሟ ጨው ሲሠራ ኒዮቢየም ኦክስጅን አስገብቶ የሚሟሟ ጨው ስለሚሠራ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ከአሲዱ ወደ ኦርጋኒክ ፈሳሽ እያሻገሩ ነው።

18ኛው ዚርኮኒየም 72 እና ሃፍኒየም 71ንም ጨመረ። ሃፍኒየም እስከ 1923 ሳይታወቅ የቆየው በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ኮስተርና ሄቬሲ ኮፐንሃገን ውስጥ በኤክስሬይ አገኙት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጨው ፍለጋ ወደ አፋር ወረደ። 19ኛው መላሽ በዳሎል ሃላይት (የገበታ ጨው) እና ሲልቫይት (ፖታሲየም ክሎራይድ) አጠገብ ለአጠገብ እየኖሩ ለምን አንድ ክሪስታል እንደማይሆኑ አስረዳ። ጎልድሽሚት እንዳስቀመጠው፣ አንዱ አዮን የሌላውን ቦታ በሰፊው የሚተካው ልዩነታቸው ከ15 በመቶ ገደማ ሳያልፍ ነው። ሶዲየም 102፣ ፖታሲየም 138፤ ፖታሲየም በ35 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ሲቀዘቅዙ ለየብቻ ይረጋሉ። 20ኛው፣ በፋብሪካ ፖታሹን ከጨው የሚለየው ግን መጠን ሳይሆን መሟሟት ነው ብሎ ሸንቆጥ አደረገው። ፖታሲየም ክሎራይድ በ20 ዲግሪ በ100 ግራም ውሃ 34 ግራም ሲሟሟ በ100 ዲግሪ 56 ይደርሳል፤ የገበታ ጨው ከ36 ወደ 39 ነው የሚያድገው። ሁለቱንም ያጠገበ ሙቅ ውሃ ሲቀዘቅዝ የሚወርደው አብዛኛው ፖታሹ ነው።

21ኛው የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ አነሣ። ሃይድሮክሳይድ 137፣ ፍሎራይድ 133፣ ቻርጃቸው አንድ፤ ስለዚህ በጥርስና በአጥንት ማዕድን ውስጥ ፍሎራይድ የሃይድሮክሳይድን ወንበር ይወስዳል፣ የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘውም ለዚህ ነው አለ። 22ኛው ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን ጣለው። ወንበሩን ለመውሰድ መጠኑ ይፈቅድለታል፤ ውሃው ውስጥ ያበዛው ግን መጠን አይደለም። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይሰጣል፤ ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱን በካልሲየም ፍሎራይድ መልክ የሚያስቀረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በአጥንት ከሰል ማጣራት የሚሠራው ይኸው የወንበር መለዋወጥ ሆን ተብሎ ሲደረግ ነው፤ ከሰሉ ሲጠግብ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታጥቦ ይመለሳል፣ ከዚያ ግን አሲድነት ባለው ነገር ወይም በብዙ ውሃ ካልተለቃለቀ የሚወጣው ውሃ ይመራል።

ጠያቂው በ23ኛው ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ 5ኛውንም ጭምር፣ ያውም እርስዎ እያለ። ሰንጠረዡን በ102ቱ ዓምድ እንደሚሠራው፣ ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን የጎረቤቱን ብዛት እንደሚጽፍ፣ ለሽግግር ብረቶች ስፒኑን እንደሚጨምር ገለጸ። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም፦ ሃይድሮጅን +1 በሁለት ጎረቤት ከዜሮ በታች 18፣ በአንድ ጎረቤት ከዜሮ በታች 38 ተብሎ ተጽፏል። የኅትመት ስሕተት ነው?

24ኛው አጭር ነበር። ስሕተት አይደለም። ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ሲሰጥ የሚቀረው ፕሮቶን ብቻ ነው፤ በኦክስጅኑ ደመና ውስጥ ይሰምጣል። በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል የሚለካው ርቀት 97 አካባቢ ነው፤ በሁለት ጎረቤት ያለ ኦክሳይድ ደግሞ 135። ሰንጠረዡ የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው፣ ቀነሰ፣ ከዜሮ በታች 38 ወጣ። ጠያቂው ይህን ግድግዳ ላይ እንደማይሰቅለው ጽፏል፤ 5ኛው ደግሞ ከሁሉ በፊት መሰቀል ያለበት እሱ ነው ብሎ እንደገና ጀምሯል።